አክስቴን ሳስጠናት

ማቶዚንዮሽ ወደብ፣ የሰርዲን ፋብሪካው በሩን የዘጋ ለት፣
አክስቴ ኤርሜሊንዳ፣ ዓሣ በቆርቆሮ ስትደረድርበት
ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመችበትን የእብነ በረድ ገበታ
ጠርጋ ወልውላ፣ መቀሷን ጠቅልላ፣ ወጣች ተሰናብታ።

እኔ ቀጣሪ ነኝ፤ ሰው መመዘን ነው እንጀራዬ፤
ማታ ማታ ኩሽናዋ ገባሁ፣ ላስጠናት፣ ለሥጋዬ።

«በስልክ ከሆነ፣» አልኳት፣ «ቆመሽ መልሺ፣ ፈገግ በይ፤
ሳቅ በሽቦ ይሄዳል፣ አይምሰልሽ የማይታይ።
በቪዲዮ ከሆነ፣ ዓይንሽ ካሜራው ላይ ይተከል፤
ከኋላሽ ያለውን የልብስ ማስጫ አንሺው፤ ግድግዳው ሰው ይምሰል።
በቡድን ከሆነ፣ አትቅደሚ፤ ኋላም አትቅሪ፤
ሌላው ያለውን አንሥተሽ፣ በላዩ ላይ ጨምሪ።
ሦስት ሆነው ከመጡ፣ ለጠየቀሽ ጀምረሽ ለሦስቱም አካፍዪ፤
ዝም ብሎ የሚጽፈው፣ እሱ ነው ፈራጁ፤ እሱንም እዪ።

ድክመትሽ ምንድን ነው ቢሉሽስ?»
«ጉልበቴ፤ ዝናብ ሊጥል ሲል ይቆረጥመኛል።»
«ተይ! ‹ለጥራት ስል እዘገያለሁ› በይ፤ እንደሱ ይባላል።»
«ውሸት ነው፤» አለች፣ ድንቹን እየላጠች። «ዘግይቼ አላውቅም።
ቆርቆሮው በቀበቶ ይመጣል፤ ሰርዲን ሰው አይጠብቅም።»
«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣
«መስተዋት ፊት» ብላ ሳቀች፤ ቢላዋው ወደቀባት።

ቀኑ ደረሰ። ፖርቶ፣ ሆስፒታል፤ ሥራው የቀዶ ጥገና ዕቃ
አጥቦ፣ ቀቅሎ፣ ቆጥሮ መደርደር፤ አንዱን ሣጥን በአሥር ደቂቃ።
«በተግባር አሳዪን» ብለው መቀስና መቆንጠጫ ዘረገፉ፤
ጣቶቿ ራስ ከጭራ፣ ጭራ ከራስ፣ እንደ ሰርዲን አሰለፉ።
ሰዓት የያዘው ሰውዬ አዝራሩን መጫን ረሳ።
«ድክመትሽስ?» አለች ሴኞራ ኬይሮጋ።
ያስጠናኋት መልስ ከእጇ አመለጠ፣ እንደ ሕያው ዓሣ።
«ጉልበቴ፤» አለች፣ «ዝናብ ሊጥል ሲል ቀድሞ ያውቃል።
እጄን ግን አይታችሁታል።»

በመጨረሻ፣ «እኛንስ የምትጠይቂን አለሽ?»
(‹የተቋሙ ራእይ ምንድን ነው› በይ ብያት ነበር፣ አደራ።)
«አዎ። ከእኔ በፊት እዚህ የቆመችው ሴት፣
የት ገባች? ማን ነበር ስሟ ሲጠራ?»

ዝም አሉ።
የሚጽፈው ሰው ብዕሩን አስቀመጠ።
ከሦስቱ አንዱም አላወቀ።

ስትነግረኝ ተቆጣኋት፤ «ማን እንዲህ ይጠይቃል?» ብዬ።
ሰኞ ቢሮዬ ገባሁ፤ አመልካቹን አስቀምጬ ወረቀቴን ዘረጋሁ፤
ያ ወንበር የማን እንደ ነበረ፣ ስሙን ባስብ ባስብ አጣሁ።

አክስቴ መልስ አልመጣላትም እስካሁን። ትጠብቃለች።
ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን፣ ጉልበቷን ይዛ ትነሣለች፤
ቆማ፣ ግድግዳውን እያየች፣ ፈገግ ብላ፣
እንደ አገሯ ልማድ፣
«አለሁ» ትላለች።