ቋሚ ወይስ ጊዜያዊ

ባጃጁ አወረደኝ፣ ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፤
ፋይሌ በብብቴ፣ ክራንቼ በእጄ፣ ቀኝ እግሬ በአየር።
ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው።
"ደረጃ መውጣት አልችልም" ብዬ ላመለክት
አርባ አራት ደረጃ ወጣሁ፣
እያረፍኩ፣ ግድግዳ እየያዝኩ፣ እየቆጠርኩ።
ላይ ስደርስ ዘበኛው፦
"አቦ ደህና ነህ! ይኸው ወጣህ አይደል?"
ሳቅኩ።

ወይዘሮ ኢፍቱ ከመስኮቱ ወዲያ መነጽሯን አወለቀች።
"የሥራ መደብ?"
"በያጅ። ባቡር ጥገና። ሃያ ሁለት ዓመት።"
"የጉዳቱ ዓይነት?"
"አጥንት።"
"አጥንት ምን?"

ምን ልበላት?
አንድ ማክሰኞ ብረት ወደቀ፣ አገዳዬ ላይ፤
በወሩ ቁስሉ ደረቀ፣ ለሚያይ።
ደቻቱን ታውቂው የለ?
ዓመት ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣
ግመል ይሻገረዋል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል፤
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣
ከደጋው በኩል
ሳያንኳኳ ይመጣል።
እግሬም እንደዚያው፦
ከላይ አሸዋ፣ ከሥር መግል።
ሦስት ጊዜ ከፈቱት፤ ድል ጮራ ሁለቴ፣ ሐረር አንዴ።
ዶክተር ነጂብ አጥንቴን ፍቀው ሲጨርሱ
"ያመረቀዘ አጥንት ቂመኛ ነው" አሉኝ፣
"ይተኛል እንጂ አይረሳም።"

ይህን ሁሉ አላልኳትም።
"ኢንፌክሽን" አልኩ፤ እሷም ያንኑ ጻፈች።
ቅጹን በቀዳዳው አሾለከች፦
ሁለት ባዶ ሳጥን፣ ጎን ለጎን፣
ጊዜያዊ፣ ቋሚ።
"ጊዜያዊ ካልክ አበል የለውም" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ምረጥና ፈርም፣ መስኮቱ ሳይዘጋ።"

ዛሬ ንጋት፣ ወንበር ላይ ሆኜ ሱብሒ ስሰግድ
"ያ ረቢ አሽረኝ" ብያለሁ።
አሁን፣ አራት ሰዓት ላይ፣
"አይሽርም" ብዬ ልፈርም ነው።
የትኛው ማመልከቻዬ ይቀድም ይሆን?
እላይ ደረጃ የለም፣ "ነገ ና" የለም፤
ግን እዚያም መዝገብ ቤት ካለ፣
አንዱ መልአክ ሁለቱን ወረቀት ቢያስተያይ
"ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?" አይልም?

የመይሙና ደብተር ትዝ አለኝ። የሁለት ወር ኪራይ።
ቋሚው ላይ ምልክት አደረግኩ።
ማኅተሙ ዷ አለ፤
አገዳዬ ውስጥ ሰማሁት።

ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ፋሻውን ፈትቼ
እጄን አሳረፍኩበት፣ እንደሚያባብል ሰው።
ስማኝ አልኩት፣ ለመንግሥት የጻፍኩትን አትመነው፤
አንተ ዝም ብለህ ዳን።
በሐሰት ፈርሟል ካሉ
እኔ እጠየቃለሁ።