የጎሚስታው ጳጉሜ

እኔ ጎሚስታ ነኝ።
ከቦርከና ድልድይ አለፍ ብሎ ነው ቤቴ፣
አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ አለፈ ሃያ አንዱ ዓመቴ።
የአይሱዙን አውቃለሁ፣ የባጃጁን፣ የጋሪውን፣
በጆሮዬ ብቻ እለያለሁ ተንፍሶ ያደረውን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሲስተር ረውዳ መጣች፣
"አሥራ አራት ልጆች አሉኝ፤ ስድስቱ በጎማ" አለች።
"የጎፍ ጫካ ገብተን ጳጉሜን ልናድር ነው፣
ጎማ ቢተነፍስብን ማን አለን ካንተ በቀር ሰው?"

ሳቅሁ። "የጎፍ በክረምት ለጤነኛውም ያዳልጣል፣
ጉንዳኑ አለ፣ ጅቡ አለ፣ ጉሙ ሰው ይውጣል።"
"ጤነኛው ማነው?" አለች።
መልስ አልነበረኝም።
ጳጉሜ ደግሞ ሥራ የለም፤ ሰው የሚያስበው በጉን ነው፣
እውነቱን ልናገር፤ ጽድቅ አይደለም የወሰደኝ፣ አበሉ ነው።

መኪናው ደን ጠባቂው ጎጆ ሥር ቀረ፣
ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት በሰው ትከሻ ነበረ።
ይመርን ለአራት ሆነን በቃሬዛ ወሰድነው፣
"ቀስ! ሬሳ አይደለሁም" ቢለን፣
በሳቅ ፈርሰን ምንም አልቀረን ልንጥለው።

ሞሚና ዘጠኝ ዓመቷ። እግሯ አይታዘዛትም፣
ቤቷ በርበሬ ወንዝ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፤ ደረጃው አያስወርዳትም።
የጎፍን ከመስኮት ታውቃለች፣ እንደ ቀን መቁጠሪያ ሥዕል፣
ዛፍ ነክታ ግን አታውቅም። "ይሻክራል እንዴ?" አለችኝ፤ እኔ ምን ልበል?
ጽዱን አስነካኋት። መዳፏን አሸተተች፣
ቆይታ፣ ቆይታ፣ "የእናቴን ሳጥን ይሸታል" አለች።

ማታ ጅብ ጮኸ። ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ ተከተተ፣
ደስታው ክራንቹን እንደ ጠመንጃ ደገነ፤ ሳይተኩስ እንቅልፍ ጎተተ።

ጳጉሜ ሦስት።
ዝናቡ ከየጎፍ ራስ ተንደርድሮ ወረደ፣
ልጅ ሁሉ በሩፋኤል ዝናብ ሊነከር ወደደ።
ወሎ ነው፤ ዝናቡ የማን ነህ ብሎ አይጠይቅ፣
ደስታው ክራንቹን ጥሎ፣
ይመር በደረቱ ጭቃው ላይ ሲንፏቀቅ፣
የሞሚና ጎማ እስከ ኩሽኔታው ሰመጠ።
ሙያዬ ነውና ልቤ ቀድሞኝ ሮጠ፣
ሳንቃ ይዤ፣ አካፋ ይዤ፤ "አይዞሽ፣ አሁን አወጣሻለሁ!"
"ተወኝ፣ ጋሼ ጎሚስታ። ገና ነኝ። እየቆሸሽኩ ነው ያለሁ።"

እየቆሸሽኩ ነው ያለሁ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የቆመ ሳስነሳ ኖሬያለሁ፣
መቆም አምሮት የቆመ ጎማ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት አየሁ።
ሳንቃውን ጣልሁና አጠገቧ ተቀመጥሁ፣
ጋቢዬ ራሰ። የምለው ጠፋኝ። ምንም አላልሁ።
ዝናቡን በመዳፏ ሞላች፣ ጠጣች፣ ተፋች፣
ጉልበቷን ጭቃ ቀባችው፤
"ቀዝቅዞት ይሆን? አላውቅም። ግን አምሮበታል" አለች።

በአምስተኛው ቀን ሲስተር ረውዳ ደብተሯን ገልጣ፣
"ስንት ጎማ ጠገንህ?" አለችኝ፣ ሒሳቧ እንዲመጣ።
"ሁለት" አልኋት። "አንዱ የመኪናሽ ነው።"
አበሌን ግን ሙሉውን ተቀበልሁ፤
እውነቱን ልናገር ብያለሁ።

በእንቁጣጣሽ ሳምንት የሞሚና እናት ዊልቸሩን እየገፋች መጣች፣
"እስቲ እጠብልኝ። እኔ ስነካው ልጅቱ ታለቅሳለች።"
ጎማውን አዞርሁት። ከጥርሱ መሐል የየጎፍ አፈር ደርቆ፣
አንዲት የጽድ ቅጠል፣ አንድ የጉንዳን እግር ተጣብቆ።
ማጠቢያውን ባልዲ አየሁት።
ዊልቸሩን አየሁት።
"እመቤት" አልኋት፣ "ይኸ ጎማ ጤነኛ ነው።"
ትንሽ ነፋሁለትና፣
እንዳለ መለስሁት፣ ከነጭቃው።