ልክ

ከክራንስካ ጎራ ሽቅብ ወደ ቭርሺች፣
አንዲት መንገድ አለች ሃምሳ ጊዜ የታጠፈች፤
በየእጥፋቷ ላይ ቁጥር የቆመባት፣
በሰሜን ክርኗ ሁሉ ጥርብ ድንጋይ ያለባት።
በሷ ላይ ነው እኔ ልኬን የተማርኩት፤
መምህሬም ጎማ ነው፣ በገንዘቤ የገዛሁት።

መቶ ስልሳ ነበር የኋላው ስፋቱ፣
ፋብሪካ የሰጠው፣ ገና ከጥንቱ።
እኔ ግን በቦቬትስ፣ ከካፌው ደጃፍ ላይ፣
ሞተር ተደርድሮ ጀርባ ጀርባውን ሳይ፣
ቀናሁ።
የሰው ሁሉ ጎማ የጠገበ ወይፈን ጫንቃ፤
የኔ ግን ከኋላው ለዓይን እንኳ የማይበቃ።

ስታኔ ጎሚስታው፣ ያ የትሬንታ ሰው፣
«መቶ ሰማንያ ግጠም» ብዬ ብጠይቀው፣
እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቸርኬዬን ነካ ነካ፦
«አራት ተኩል ኢንች ነው፤ ምኞት ቸርኬን አይለካ።
ጎራዝድ፣ ጠባብ ጫማ ያጠለቀ ሰፊ እግር አይተሃል?
ከጎንና ጎኑ ተጨምድዶ ከላይ ጉብ ይላል።
ጎማም እንደዚያው ነው፤ አናቱ ይሾላል።
ጀርባህ ከፍ ይልና የፊት ሹካህ ይቆማል፤
ቁመቱ ቶሎ ዙር ሲል፣ ስፋቱ ቆይ ይለዋል፤
ሁለት ጌታ ያለው ሎሌ ማንን ይሰማል?
ልክህን እወቅ።»

ስድብ መሰለኝ።
ሰውዬው ስለ ጎማ ነበር የሚያወራው።

ሌሊቱን ጋራዤ ውስጥ፣ በሁለት ፌሮና በሳሙና ውሃ፣
ቸርኬውን ጭሬ፣ አውራ ጣቴን ልጬ ገጠምኩት።
በካቴናውና በጎማው መሃል የቀረው ክፍተት
የአውቶቡስ ትኬት ቢያሳልፍ ነው።
ጎህ ሲቀድ ከኋላው ቆሜ አየሁት።
አማረ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም አማረ።

አናቱን አልፌ ቁልቁል ስወርድ፣ አሥራ ዘጠነኛው ላይ፣
እንደ ወትሮዬ ትከሻዬን ጣል አደረግሁ።
ሞተሩ ቆየ።
ድሮ ገና ሳስበው የሚተኛልኝ፣
ዛሬ እንደ ተኮረፈ ሰው
«ምን አልክ?» አለኝ።
መሪውን ገፋሁት። አሁንም ቆየ።
ከዚያ በአንዴ፣
ከጣሪያ ጫፍ እንደሚንሸራተት በረዶ፣
ወደቀ ወደ ጎኑ፤
ጥርብ ድንጋዩ ከሥሬ ተንኳኳ፣
መስመሩን አልፌ ወጣሁ።

ሽቅብ ይመጣ ነበር የሆላንድ ሰሌዳ ያለው መኪና፣
ከኋላው ነጭ ቤት እየጎተተ።
ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠችው ሴት ኮክ ትገምጥ ነበር።
ዓይን ለዓይን ተያየን።
ኮኳ ከአፏ አንድ ስንዝር ርቃ አየር ላይ ቆመች፤
በመስታወታቸውና በክርኔ መሃልም
የቀረው ያው፣ አንድ ስንዝር።
ማንም አልሞተ። ማንም ክላክስ እንኳ አልነፋ።

ስታኔ ሲያየኝ ምንም አልጠየቀኝ፤
ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ፣ በጎማው አግድም፣
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ነጭ መስመር ሳበ።
«ውጣና ተመለስ፤ እንደ ድሮህ ንዳው።»
ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ጉልበቴ እየራደ።
ጠመኔው ከመሃል ጠፍቷል፤
ከግራና ከቀኝ ግን ሁለት ሁለት ጣት
እንደ ተሳበ ነው፣ ንጹሕ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ።
በቀጭኑ ጊዜ ቢሆን እስከ ጫፍ ይሰረዝ ነበር።
«ይኸውልህ የገዛኸው፣» አለኝ፤
«መንገዱ ግን አያውቀውም።»

መቶ ስልሳው ተመለሰ።
ያ ወፍራም ጎማ ከስታኔ ጓሮ ተጋድሟል፤
ሚስቱ ዮዢጻ አፈር ሞልታ ሰላጣ ዘርታበታለች።
«ለሰላጣ፣» ትላለች፣ «ልኩ ነው።»

አሥራ ዘጠነኛው ላይ አሁን ሳስበው ይተኛልኛል።
ቦቬትስ ስደርስ ግን፣ ከካፌው ደጃፍ፣
እስካሁን ድረስ፣
ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው የማቆመው።