ስለት

ከተሰበረ ባሌስትራ፣ ከኢሱዙ ሆድ ስር ወጥቶ፣
ጥቁር ውሃ፣ ጋራዡ ጀርባ፣ በሀሜሶ መዶሻ ተመትቶ፣
እጀታው የዋንዛ እንጨት፣ ሦስት ሚስማር፣ አንድ ጠፍር፤
«አይታጠፍም፣ ቃሉን አያጥፍም» አለኝ፤ ሰማንያ ብር።

አሥራ ዘጠኝ ክረምት።
ታቦር ላይ የድንኳን ካስማ ጠርቧል፤
ሐይቁ ዳር ዝናብ ያበሰበሰውን ግንድ ፈልጦ
ደረቅ ልቡን አውጥቶልኛል፤
የአምባዛ ጭንቅላት ከፍሏል።
አንዴም፣ አልዋሽም፣ አውራ ጣቴን፤
ጠባሳው ደመና ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል።

ረስቼው ዛገ። በአመድ ፈተግኩት፣ ይቅር አለኝ።
ከድንጋይ ጋር ሲሟገት ከሳ፤
የሸንበቆ ቅጠል አከለ፤
ሰገባው ሰፋው፣
ስራመድ ወገቤ ላይ ይንኳኳል።
«ጣለውና የሚታጠፍ ግዛ፣ ኪስ የሚገባ»
ይለኛል ልጄ ዱካሌ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐዋሳ በገብርኤል እንግዳ ስትጥለቀለቅ፣
ሰው ስለቱን ሊያስገባ ጃንጥላ ይዞ ሲሰለፍ፣
እኔ ስለቴን ታጥቄ ወደ ውሃው ወረድኩ።
ሀሜሶ ካረፈ ወዲህ የሚስልልኝ የለም።
ድንጋዩን አረጠብኩ፤
እሱም ተሳለ፣ እኔም ተሳልኩ፦
ከሁለታችን ቀድሞ ያለቀውን
የቀረው ይቅበረው ብዬ።

ከዚያ አንድ ቆሮሶ ገፈፍን፤ እሳቱ ገና አልያዘም ነበር።