ስም ያለበት ኮት

ማክሰኞ ነው ዛሬ፤ ከባሕሩ የመጣ ዝናብ
ስዋንሲን ያጥባታል፣ ከዳገት እስከ ወደብ።
ከጸሎት ቤቱ ምድር ቤት ኔስታ ቁልፏን አዙራ
መብራት ታበራለች፣ ወንበሮቹን ቆጥራ።
ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እግሩ የተሰበረ፤
እሱ የሷ ነው፣ ድሮም የሷ ነበረ።

በዚህ ጥግ ደብዳቤ ይነበባል፣ ከመንግሥት የመጣ፣
«በአሥራ አራት ቀን ውስጥ» የሚል፣ ቃሉ የሚቆጣ።
ጡረተኛው ግዊሊም፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣
ያነበዋል ቀስ ብሎ፣ ቁጣውን ከውስጡ አውጥቶ።
አርባ ዓመት ፖስታ ሳይከፍት ያደለ ሰው፣
ዛሬ ግን ሥራው መክፈት ነው።
በዚያ ጥግ ድስት፣ ዳይፐር፣ የሕፃን አልጋ፣
ካርዲፍ ድረስ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ጠበቃ ፍለጋ።
ዛርሚና፣ ሄራት ሳለች የሒሳብ አስተማሪ፣
እዚህ «እንደምን አደርሽ» የምትል ተማሪ፤
ሲሰለቻት ለግዊሊም የልጅ ልጅ፣ ለቤት ሥራ፣
ክፍልፋይ ታስረዳዋለች፣ በጣቷ አየር ላይ ጭራ።
መሐል ላይ ኮቶች ተሰቅለዋል፣ ባዶ ትከሻ በትከሻ፤
ሁሉም የአንድ ሰው ነበሩ፤ አሁን የብርድ መሸሻ።

እኔ ስኒ አጣቢ ነኝ፤ ውሃው እስኪሞቅ አስባለሁ፤
በልጅነት ቋንቋዬ እነዚህን ምን እላቸዋለሁ?
ቋንቋዬ ለነሱ ስም ሲሰፋ
«ጥገኝነት ጠያቂ» አለ፤ ሌላ ጨርቅ ጠፋ?
ጥገኛ፣ በሰው ደም የሚኖር፣ ሆድ ውስጥ ያለ ትል፤
እኔ ግን እዚህ ያየሁት ጠያቂ፣ «ምን ልሥራ?» ነው የሚል።

ከጀነይና የመጣ አናጢ ነው ኢድሪስ፤
ሁለት ዓመት ፈጀበት እዚህ እስኪደርስ።
መሥራት አልተፈቀደለትም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ
የሰው በር እያየ ይሄዳል፣ ጠማማ ማጠፊያ ለይቶ።
ባለፈው ማክሰኞ ኮት መረጠ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ረጅም፤
እጅጌው ልክ መጣ፤ እንዲህ ያለ ልክ አይገኝም።
ማታ ሲያወልቀው ግን፣ ከአንገቱ ገበር ሥር፣
በቀይ ክር የተሰፋ ስም አየ፤ የራሱ ስም ነበር።
አምስቱን ፊደል ያውቃቸዋል፤ መታወቂያው ላይ አሉ፤
ከዚህ አገር ፊደል እነሱን ነው የለመደው ከሁሉ።
ኪሱ ውስጥ ደግሞ ወረቀት፣ በእርሳስ የተጫረ።
ሰርቄ ይሆን እያለ ሲገላበጥ አደረ።

ሳምንቱን ሙሉ አልለበሰውም።
ዛሬ አጥፎት መጣ፤ ሸሚዙ ከላዩ ርሶ፤
«ሞክሼዬን ጥሩልኝ» አለ፣ «ብርድ ነው፣ ይውሰድ መልሶ።»

ኔስታ ዝም አለች።
ያንን ስም የሰፋችው እሷ ናት፣ በቀይ ክር፣ በማታ፣
የመርሳት በሽታ ባሏን፣ ያን ብረት አቅላጭ፣ ሲረታ፤
ለአረጋውያን ቤት ስትሰጠው፣ ልብሱ እንዳይጠፋ።
ልብሱ አልጠፋም፤ ሰውየው ነው ስሙን ረስቶ የጠፋ።

«ኢድሪስ የኛም ስም ነው» አለች፤ «በስሙ ተራራ አለን።»
«እኛስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከነቢይ ነው የወረስን።»
ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋ፦ «ይህስ ምን ይላል?»
ወተት። የድንች ዘር። ለደረጃው አምፖል።
ሦስት ዓመት ያልተገዛ። ደረጃው ዛሬም ጨለማ፤
ግድግዳ ዳብሳ ነው የምትወጣው፣ ኮቴዋ ብቻ እየተሰማ።
«ኮቱ ያንተ ነው» አለችው፤ «ስምህ አለበት፣ እይ።»
ሌላ አልተናገረችም፤ ሄደች ልታፈላ ሻይ።

ሐሙስ ማታ በሯ ተንኳኳ። ኢድሪስ ኮቱን ለብሶ ቆሟል፤
ከሳምንት ገንዘቡ ቀንሶ አንድ አምፖል ገዝቶላታል።
ወንበር ላይ ወጣ፤ ጠመዘዘ፤ እንቢ አለው፤ ደግሞ ሞከረ፤
የዚያ ቤት መግጠሚያ ባለ ሁለት ቀንድ ነበረ፤
እሱ የገዛው ባለ ጥርስ።
በጨለማው ደረጃ ላይ መጀመሪያ ማን እንደሳቀ
እሷም አታውቀው፤ ስትነግረኝ ወሬው በሳቅ አለቀ።

ደረሰኙን እንዳይጥል ነገረችው፤ ቅዳሜ ይለወጣል።
አሁን ኪሱ ውስጥ፣ ካሮጌው ዝርዝር ጎን ተቀምጧል።
የድንቹ ዘር ወሩን ይጠብቃል።
ደረጃው ዛሬም ጨለማ ነው። ወተቱ ግን ተገዝቷል።