የጠርዙ ስም

ያኔ ወናፍ ገፊ ነበርሁ፣ ጢስ የጠገብሁ ልጅ፤
አው ሙኽታር ብር ሲያቀልጥ፣ ቆሜ ከሱ ደጅ።
አንዲት ሴት ከድሬ መጣች፣ በጧቱ መኪና፣
የሻሿን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና፣
ከሚዛኑ ሳህን ጣለች አንድ ሜዳይ፤
የሰው ራስ ባንድ ፊቱ፣ ዘውድ የደፋ በላይ።

«ከጠገራ ይከብዳል» አለ፣ ጠርዙን በጥፍሩ ሲዳስስ፣
«ፊደል አለው ዙሪያውን፣ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ።
ኡባህ፣ ከየት አመጣሽው?»

                    «የእናቴ የደሀቦ ነው፤
ጣልያን የለቀቀ ዓመት፣ ደቻቱ ዳር ያገኘችው።
የሆስፒታሉን አንሶላ፣ የወታደሩን ሸሚዝ
አሸዋው ላይ ስታሰጣ፣ ጣቷ በሳሙና ሲደነዝዝ።

ስኮትላንድ ነው አሉ አገሩ፣ ጭጋግ የማይለየው።
ከፊራ የኛን ወንዶች ሽርጥ ታጥቀው ሲያይ ነው
መጀመሪያ የሳቀው፤ ‹እኛም ዘንድ ወንዱ
ጉልበቱን ገልጦ ነው ጦር ሜዳ መውረዱ›
ያለ መሰላት፣ በእጁ ሲያሳያት።

ምን ሠርቶ እንደሸለሙት እናቴ አልጠየቀችም፤
ብትጠይቅስ? ቋንቋ አልነበራቸውም።
የምታውቀው ኮሌታውን ነው፣ የደረቀበትን ጨው፤
ሌሊት ያስጮኸውን ሁሉ፣ ጧት በሳሙና ያሸችው።

ሰባት ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ሒሳቡ ሲቆጠር
ኪሱ ባዶ፣ ወባ ይዞታል፤ ከደረቱ ላይ ይህን ብር
ነቀለና ‹ያዢልኝ› አላት፣ ጣቱን ወደ ነገ ቀስሮ።
ሸሚዙን ሊወስድ አልመጣም፤
ሳምንት ሄደ፤ ሄደ ወሩ።

‹መያዣ ነው› ትለን ነበር፣ ‹የሰው ነው፣ አትንኩ።›
ሸሚዞቹ ሣጥን ውስጥ ታጥፈው ዓመት ቆዩ፤
ኋላ ወንድሞቼ ለበሷቸው፣ በዒድ ቀን ታዩ።
ይህን ግን አርባ ዓመት ሊሞላው፣ ከትራሷ ሥር አልነሣችው።

አሁን እናቴ የለችም። ልጄን ልድር ነው።
ጉትቻ አድርግልኝ፣ አው ሙኽታር። ብር ያው ብር ነው።»

ዝም አለ። ከሰሉን አየ። የቀዘቀዘ ሻይ ጠጣ።
ሁለት ጊዜ ወናፌን አስቆመኝ፤
ሁለት ጊዜ ተነሥቶ፣ ተመልሶ መጣ።
«ጀግንነቱን አላየሁም» አለ፣ «ዕዳ ግን አውቃለሁ።»

መጋዝ አነሣ፣ ቀጭኗን፣ ፀጉር የምታህል፤
ጠርዙን ላጠው ዙሪያውን፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ፣ ሳይከፍል።
የተረፈውን ለእሳቱ ሰጠ። ራሱ ለሰለሰ፤
አፍንጫው ቀደመ፣ ከዚያ ዘውዱ ፈሰሰ፤
ሁለት ጉትቻ ወጣው፣ ጥንድ ግማሽ ጨረቃ።

ፊደሉን ግን በዘንግ ላይ ሁለት ዙር ጠመዘዘው፤
ቀለበት ሆነ። «ጉትቻው የሙሽራዋ ነው፣
ይሄ ግን መያዣ ነው፤ አንቺ ያዢው።»

አው ሙኽታርም አለፈ። የፈረንጁን ፊደል እኔ ኋላ ለየሁ፣
በማታ ትምህርት፣ በስተርጅና።
ባለፈው ክረምት፣ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ አውቶቡሱ ሲያጋድል፣
ከፊቴ የቆመች አሮጊት ብረቱን ጨበጠች፤
ከጣቷ ላይ ሦስት ፊደል አነበብሁ።
የቀረው ስሙ መዳፏ ውስጥ ነበር።