ዘጠነኛው ረድፍ

ቆጣሪ ነኝ እኔ። ከሬይኪያቪክ ወጣሁ፣
በጥር በረዶ ላይ አኩሬይሪ መጣሁ፣
ሰንጠረዥ በእጄ፣ ሰዓት ክንዴ ላይ፣
የተላክሁበትም ጉዳይ አንድ ጉዳይ፦
አንዲት ሐኪም በሰዓት ስንት ራጅ ታያለች?
የደመወዟን ያህል ሥራ ትሠራለች?

ክፍሏ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት አልሠሩለት፤
ከውጭም ጨለማ፣ ከውስጥም ጽልመት።
በጥር ወር ፀሐይዋ፣ እንደቸኮለ እንግዳ፣
ለምሳ ብቅ ትላለች፤ አትደርስም ጓዳ።

ሃልቤራ ትባላለች፤ ስልሳ ሊሞላት ነው፤
ሹራቧም ክርኑ ላይ በቀይ ክር የጣፈችው።
«ተቀመጥ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣
«ቁጠር፤ የስልክህን ብርሃን ብቻ ከልል።»

ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ፦ ሁለት ደቂቃ።
የሕፃን ደረት፦ ሦስት። የአንገት ሲቲ፦ ስምንት፤ አበቃ።
እየጻፍኩ ሄድኩኝ። ደስ ይለኛል ቁጥር፣
አይዋሽም እላለሁ፤ አይደብቅም ምሥጢር።

ዘጠነኛው ላይ ቆመች።

የቶርጊልስ ሳንባ ነው፤ መረብ ጠጋኝ፣ የዳልቪክ ሰው፣
ቀኝ ጫፉ ላይ ምስር የምታህል ነጭ ነገር ያለው።
ቀዶ ጥገናው ለነገ ጠዋት ተይዟል፤
መቀሱ ተቀቅሏል፣ አልጋው ተነጥፏል፤
እሱም ትንሿን ጀልባ ለእህቱ ልጅ አውርሷል።

ደግማ አየችው። ዝም። ወደ ኋላ አለች።
ከመዝገቡ ግርጌ አንዲት መስመር አገኘች፦
«ከመርከብ መሰላል ወድቆ፣ የትከሻ ራጅ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት።»
ተነሥታ ዕቃ ቤት ገባች፣ የድሮ ፊልም ከተከመረበት።

ሰዓቴን አየሁት፤ ሃያ ደቂቃ ሄደ።
ያረጀው የፊልም መብራት ተርገብግቦ ነደደ።
ያኔ የተፈለገው ትከሻው ነበረ፤
ሳንባው በፊልሙ ጥግ ሳይታይ የቀረ።
እዚያው ናት። ያቺው ምስር።
አልጨመረች፣ አልቀነሰች፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር።

«ቀዶ ሐኪሙን አገናኙኝ፤
ምሳ ላይ ቢሆንም አስነሡልኝ።
ጠባሳ ነው። ያረጀ። ነገ አትንካው፤ ይሂድ ወደ ቤቱ።»
ዘግታ አሥረኛውን ከፈተች፤ ጉልበት ነው፣ የልጅ፣ ከነስብራቱ።

የእኔ እርሳስ ግን አየር ላይ ቀረ።
«የታየ ራጅ» የሚል ዓምድ ነበረ፣
«የፈጀው ደቂቃ»፣ «የተገኘ በሽታ»፤
ላልተቀደደ ደረት የት ይገኛል ቦታ?
ቀደውት የዳነ ሰው አበባ ይልካል፤
ሳይቀዱት የዳነ ለማን ምን ይላል?
ነገ ማታ ዳልቪክ፣ መረቡን ሲጠግን፣
«ሐኪሞች ተሳሳቱ!» ብሎ ይሳቅብን።

ዘጠነኛው ረድፌ እንዲህ ይላል፦
«ራጅ፦ አንድ። ደቂቃ፦ ሠላሳ ስድስት። የተገኘ፦ ምንም።»
«ምንም»ን ሰረዝኩት፤ የሚተካው ቃል ግን አልመጣልኝም።
በጠርዙ ላይ በእርሳስ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤
ርእሱን ሳልጽፍለት አሥራ አንደኛው መጣ፤
ሰዓቴን ሳልነካ ቁጭ አልኩ።